ለክፉ ቀን የሚሆን መኪና አመራረጥ

ስለ አደጋ ጊዜ መኪና ሲነሳ ብዙ ሰው በዐይነ ሕሊናው የሚያየው ጎማው ትልቅ፣ ከመሬት ከፍ ያለ፣ ፊቱ ላይ ብረት የታሰረለት መኪና ነው። ይህ መኪና ገደል ይወጣ ይሆናል፤ ማደያ ሲደርቅ ግን እሱም እንደ ሌላው ይቆማል። በ2013 ዓ.ም. በተነሣው ጦርነት ወደ ትግራይ የሚገባው ነዳጅ ሲቋረጥ መንገድ ላይ ጎልተው የታዩት ብስክሌትና የእንስሳት ጋሪ ነበሩ። በ2017 ዓ.ም. ታኅሣሥና ጥር በአፋር፣ በአዋሽ ፈንታሌ አካባቢ መሬት ደጋግማ ስትንቀጠቀጥ ደግሞ በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ቤታቸውን ጥለው ለመውጣት ተገደዋል፤ አስፋልቱም ተሰነጣጥቆ ነበር።

ስለዚህ መኪና ሲመረጥ መጀመሪያ ነዳጅ ይታያል። ከዚያ ጎማ፣ ከዚያ መለዋወጫና መካኒክ፣ ከዚያ ጭነት ይከተላሉ። አራቱም ጎማ መንዳቱ የሚነሣው ከእነዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ሻጮች የሚነግሩዎት በተገላቢጦሽ ነው።

ያለ ማደያ ስንት ኪሎ ሜትር?

ኢትዮጵያ የምትጠቀመው ነዳጅ ከውጭ የሚገባ ሲሆን አብዛኛው የሚመጣው በጅቡቲ በኩል ነው። በጋላፊና በሚሌ አድርጎ ወደ አዋሽ የሚዘልቀው የቦቴ መስመር ለጥቂት ቀናት ከታወከ መሀል አገር ማደያ ላይ ሰልፍ ይጀምራል። በዚያ ላይ ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ የነዳጅ ክፍያ በቴሌብርና በመሳሰሉት ስለሆነ፣ ኔትወርክ ሲጠፋ ማደያው ነዳጅ እያለውም መቅዳት ሊያቆም ይችላል። በችግር ቀን የእርስዎ የሚባለው ነዳጅ ሰልባትዮ (የመኪናው የነዳጅ ማጠራቀሚያ) ውስጥ ያለው ብቻ ነው።

ሒሳቡ ቀላል ነው፦ ሰልባትዮው የሚይዘውን ሊትር መኪናው በ100 ኪሎ ሜትር ለሚበላው ሊትር ያካፍሉና በ100 ያባዙ። ፋብሪካው የጻፈውን የፍጆታ ቁጥር ግን አይመኑ። ሰልባትዮውን አፉ ድረስ ሞልተው ኪሎ ሜትሩን ይመዝግቡ፤ 200 ኪሎ ሜትር ያህል ነድተው እንደገና አፉ ድረስ ይሙሉ። ሁለተኛ ጊዜ የገባው ሊትር ለነዱት ኪሎ ሜትር ተካፍሎ በ100 ሲባዛ እውነተኛው የ100 ኪሎ ሜትር ፍጆታ ነው።

ባለ ሁለት ሰልባትዮ ሃርድቶፕ ላንድክሩዘር 90 እና 90፣ በድምሩ 180 ሊትር ይይዛል። በ100 ኪሎ ሜትር 14 ሊትር ከበላ 1,280 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሄዳል። ሃይሉክስ በ80 ሊትር፣ 10 ሊትር እየበላ፣ 800 ይሄዳል። ቪትዝ ደግሞ በ42 ሊትር፣ 7 እየበላች፣ 600 ትሄዳለች፤ ብዙዎች ከሚገምቱት በላይ ነው። 10 ሊትር የሚይዝ ሞተር ሳይክል በ2 ሊትር ተኩል ፍጆታ 400 ኪሎ ሜትር ያደርሳል።

ለክፉ ቀን የሚታሰበው ግን የእነዚህ ቁጥሮች ሦስት አራተኛ ብቻ ነው። በሰልፍና በኬላ ቆሞ የሚሠራ ሞተር በሰዓት እስከ 1 ሊትር ይበላል። ዋናው መንገድ ተዘግቶ በኮረኮንች ሲዞሩ፣ ተጭነው በሁለተኛ ማርሽ ዳገት ሲወጡ ፍጆታው በግማሽ ሊጨምር ይችላል። በዚህ ስሌት የቪትዟ 600 ወደ 450 ይወርዳል። ከአዲስ አበባ ደሴ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ ትደርሳለች፤ ደሴ ላይ ማደያው ዝግ ከሆነ ግን መመለስ የለም። መሄጃዎ የት እንደሆነ ሳይወስኑ መኪና መምረጥ የማይቻለውም በዚህ ምክንያት ነው።

ሰልባትዮ ከግማሽ በታች እንዲወርድ አይፍቀዱ። ግማሽ ሲደርስ እንደባዶ ቆጥሮ መቅዳት ከማንኛውም ተጨማሪ ዕቃ ይበልጣል፤ ወጪም የለውም። በጀሪካን መቅዳት ነዳጅ ባነሰ ቁጥር ይከለከላል ወይም የፈቃድ ደብዳቤ ይጠየቅበታል። ስለዚህ ከፋብሪካው ትልቅ ሰልባትዮ ይዞ የመጣ መኪና፣ ጀሪካን ከሚሸከም መኪና ይሻላል።

ሕጉ ፈቅዶልዎት የሚያስቀምጡ ከሆነ ባለ 20 ሊትር የብረት ጀሪካን ይያዙ። የምግብ ዘይት የነበረበት ቢጫ ጀሪካን ለቤንዚን አይሆንም፤ ያብጣል፣ ክዳኑም እንፋሎት ያሳልፋል። ሲሞሉ መሬት ላይ ያስቀምጡት፤ መኪና ላይ እንዳለ ከተሞላ የሚፈጠረው የኤሌክትሪክ ብልጭታ እሳት ሊያስነሣ ይችላል። የ1 ሊትር ያህል ክፍት ቦታ ይተዉ፤ ደጋ ላይ ጢም ብሎ የተሞላ ጀሪካን ቆላ ሲወርድ ይወጠራል። ከተሳፋሪ ጋር በአንድ ክፍል አይጫንም፤ መኖሪያ ቤት ውስጥም አይቀመጥም። ቤንዚን ከ3 እስከ 6 ወር፣ ናፍጣ እስከ 1 ዓመት ይቆያል። ከዚያ በፊት ወደ መኪናው ገልብጠው በአዲስ ይተኩት።

ናፍጣ፣ ቤንዚን ወይስ ኤሌክትሪክ?

ናፍጣ እንደ ቤንዚን በቀላሉ አይቀጣጠልም። የጭነት መኪና፣ የአውቶቡስና የትራክተር ነዳጅ ስለሆነም በየገጠሩ ይገኛል። ሆኖም ናፍጣ ሁሉ አንድ አይደለም፤ ሞተሮቹም እንዲሁ። የሃርድቶፑ 1ኤችዜድ ሞተር (4.2 ሊትር፣ 6 ሲሊንደር፣ ቱርቦ የሌለው) ፖምፓው ሜካኒካል ነው፤ ኮምፒውተር የለውም። የድሮ ሃይሉክሶች 3ኤል እና 5ኤል ሞተሮችም እንደዚሁ ናቸው። በፈረንጆች ከ1990ዎቹ ማብቂያ ወዲህ የመጡት ባለ ኮመን ሬል (ነዳጁ በከፍተኛ ግፊት፣ በኮምፒውተር ትእዛዝ የሚረጭባቸው) ሞተሮች ጉልበታቸው የበለጠ፣ ፍጆታቸው ያነሰ ነው፤ ኖዝላቸው ግን ውኃና ነጭ ጋዝ የተቀላቀለበትን ናፍጣ አይታገሥም። እጥረት ሲኖር ደግሞ በጥቁር ገበያ የሚሸጠው እንዲህ ያለው ነው።

ከማያውቁት ሰው የገዙትን ናፍጣ ወደ ሰልባትዮ ከመጨመርዎ በፊት ግማሽ ሊትሩን ጥርት ባለ የውኃ ፕላስቲክ ቀድተው ያሳድሩት። ውኃ ካለው ከሥር ተለይቶ ይታያል። ጊዜ ከሌለ በንጹሕ ጥቅጥቅ ያለ ጨርቅ አጥልለው ይጨምሩና በማግስቱ ከፊልትሮው ሥር ያለውን ማፍሰሻ ከፍተው ውኃውን ያውጡ።

ናፍጣ ያለቀበት ሞተር እንደገና ቢሞላም ቶሎ አይነሣም፤ መስመሩ ውስጥ አየር ገብቷል። በሜካኒካል ፖምፓ በሚሠሩት ላይ ፊልትሮው አናት ላይ ያለችውን የእጅ መግፊያ ይጫኑ፤ መጀመሪያ ላላ ትልና እየጠነከረች ትመጣለች። ማስተንፈሻ ቡሎን ካለው ያላሉት፤ አረፋ ቀርቶ ንጹሕ ናፍጣ ሲወጣ ያጥብቁት። ከ30 እስከ 40 ጊዜ መጫን ሊያስፈልግ ይችላል። ይህን ሳያደርጉ ሞተሪኖውን ማስጮህ ባትሪ ከመጨረስ በቀር የሚያመጣው የለም።

ቤንዚን ለከተማ ሰው የሚናቅ አይደለም። እንደ ዲኤክስ ኮሮላና ላዳ ያሉት ባለ ካርቡራተር መኪናዎች በአንድ ካቻቪቴና በአንድ የካንዴላ መፍቻ ብዙ ነገራቸው ይሠራል፤ መካኒካቸውም በየሰፈሩ አለ። ድክመታቸው ከመሬት ዝቅ ማለታቸው ነው።

ኤሌክትሪክ መኪና ላይ ሁለት ጫፍ የያዘ ክርክር አለ፤ ሁለቱም ወገን ግማሽ እውነት ይዟል። ከጥር 2016 ዓ.ም. ጀምሮ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ስለተከለከለ ለአዲስ ገዢ ያለው ምርጫ በአብዛኛው እሱ ነው። የአገሪቱ ኤሌክትሪክ ከ90 በመቶ በላይ ከውኃ ኃይል ስለሚመነጭ የጅቡቲ መስመር ቢዘጋም መኪናው ይሞላል። ለነዳጅ እጥረት ከሁሉ የተሻለው መልስ ይህ ነው። ኃይል ጨርሶ ሲጠፋ ግን ነገሩ ይገለበጣል።

ከቤት ሶኬት በ10 አምፔር የሚሞላ መኪና በየሰዓቱ 2.2 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ይወስዳል። በ10 ሰዓት 22 ኪሎዋት ሰዓት ይሆናል፤ ይህም 130 ኪሎ ሜትር ገደማ ያስኬዳል። ስድስት ባለ 550 ዋት የፀሐይ ሰሌዳዎች ያሉት ቤት በጥሩ የበጋ ቀን 13 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ያገኛል፤ ለ75 ኪሎ ሜትር ይበቃል። በክረምት ይህን አይጠብቁ። ከቻይና የሚመጡት መኪናዎች መሙያ ጂቢቲ የሚባለው ዓይነት፣ ለአውሮፓ የተሠሩት ደግሞ ሲሲኤስ ስለሆነ የሚሄዱበት ከተማ የትኛው እንዳለው ቀድመው ያጣሩ። ባትሪውን በየቀኑ እስከ 80 በመቶ ሞልቶ ማሳደር የሰልባትዮውን የግማሽ ደንብ ይተካል።

የትኛው ለማን?

አምስት ሰው ያለበት የከተማ ቤተሰብ፣ ዘመድ ያለበት ቦታ በአስፋልት 300 ኪሎ ሜትር ውስጥ ከሆነ፣ በደንብ የተያዘች ትንሽ የቤንዚን መኪና ይበቃዋል። ዋጋው ሰማይ የነካ ላንድክሩዘር ለመግዛት ቤት መሸጥ እብደት ነው። የተረፈውን ገንዘብ ለአራት አዳዲስ ጎማ፣ ለባትሪና ለመለዋወጫ ያውሉት።

መሄጃው ከአስፋልት የሚወጣ ከሆነ ባለ ሜካኒካል ፖምፓ ባለ ሁለት ጋቢና ሃይሉክስ ሚዛኑ የተመጣጠነ ነው። ሃርድቶፑ በጉልበትና በርቀት ይበልጠዋል፤ ነገር ግን የመንግሥትና የእርዳታ ድርጅት መኪና ስለሚመስል ሁከት ባለበት ዐይን ይስባል፤ ለግዳጅም መጀመሪያ የሚፈለገው እሱ ነው። ቪ8 የሚባለው ላንድክሩዘር ደግሞ በዳሳሽና በኮምፒውተር የተሞላ በመሆኑ አንድ ሽቦ ቢበጠስ ወረዳ ከተማ ላይ የሚያነበው መሣሪያ አይገኝም።

አይሱዙ ኤንፒአር የብዙ ቤተሰብ ዕቃና ሰው ባንድ ጊዜ ያወጣል፤ ሰፈርተኛ ተስማምቶ ለመውጣት ካሰበ ከአምስት ትናንሽ መኪና አንድ አይሱዙ ይሻላል። ባጃጅ ለአካባቢ መመላለሻ እንጂ ለሽሽት አይሆንም። ሞተር ሳይክል ግን ድልድይ በተሰበረበትና መንገድ በተናደበት ማለፊያ ስለሚያገኝ፣ ሁለተኛ መኪና ለመግዛት ከሚያስብ ሰው ይልቅ ሞተር የጨመረ ሰው ብልህ ነው።

ማንኛውም ይሁን ማርሹ በእጅ የሚገባ ይሁን። ባትሪው የደከመ የእጅ ማርሽ መኪና ተገፍቶ ይነሣል፤ አውቶማቲክ አይነሣም። ቁልፉ ቺፕ ያለው ከሆነ ሁለተኛውን ቁልፍ ሳይቀበሉ አይግዙ።

ሲገዙ የሚፈተሸው

ጠዋት፣ ሞተሩ ሳይሞቅ ይሂዱ። ሻጩ አስቀድሞ አሙቆ ከጠበቀዎት ሌላ ቀን ይቅጠሩ፤ ቀዝቃዛ ሞተር የሚደብቀው ነገር የለም። የሻንሲና የሞተር ቁጥሩን ከሊብሬው ጋር ያስተያዩ። ሞተሩ እየሠራ የዘይት መሙያ ክዳኑን ይክፈቱ፤ ጭስ በኃይል እየተገፋ ከወጣ ሲሊንደሩ ተበልቷል። ሰማያዊ ጭስ ዘይት መብላቱን፣ ሞተሩ ከሞቀም በኋላ የማይጠፋ ነጭ ጭስ ውኃ ወደ ሲሊንደር መግባቱን ሊያመለክት ይችላል። ራዲያተሩን የሚከፍቱት ሞተሩ ሳይነሣ ነው፤ ውኃው ላይ ዘይት ከተንሳፈፈ ይተዉት።

1ኤችዜድ የታይሚንግ ቺንጋ አለው፤ በ100,000 ኪሎ ሜትር ይቀየራል። የተቀየረበት ማስረጃ ከሌለ እንዳልተቀየረ ቆጥረው ዋጋውን ከሒሳቡ ይቀንሱ፤ መንገድ ላይ ከተበጠሰ ቫልቮቹ ከፒስተን ጋር ይጋጫሉ።

ፎር ዊሉን አስፋልት ላይ አይሞክሩ፤ ኮረኮንች ላይ ያስገቡት፣ ከባዱን ማርሽ (4ኤል የተባለውን) ጨምረው። መሪውን እስከ መጨረሻው አጥፍተው በቀስታ ሲነዱ ከፊት ጎማ በኩል ቀጭ ቀጭ ካለ መጋጠሚያው አልቋል። ከሥር ገብተው የተሰበረ ባሌስትራና ሻንሲ ላይ የተበየደ ቦታ ይፈልጉ። ብየዳ ያለበት ሻንሲ ለከተማ ይሁን እንጂ ተጭኖ ለሚሸሽ አይሆንም።

ከፍታ የሚያመጣውን አይርሱ። ቱርቦ የሌለው ሞተር በየ1,000 ሜትሩ 10 በመቶ ገደማ ጉልበት ያጣል። አዲስ አበባ ላይ ሩብ ያህሉ ሄዷል፤ ጣርማ በር ላይ ከዚያም ይበልጣል። ቁልቁለቱ ደግሞ የፍሬን ፈተና ነው። ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ ሸለቆ ሲወረድ ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁል አለ፤ በፍሬን ብቻ የወረደ የተጫነ መኪና የፍሬን ዘይቱ ይፈላና ፔዳሉ ወለል ድረስ ይሰምጣል። ዳገቱን በሚወጡበት ማርሽ ቁልቁለቱን ይውረዱ። የፍሬን ዘይት በየ2 ዓመቱ ይቀየር፤ እርጥበት ስለሚስብ አሮጌው ቶሎ ይፈላል።

ጎማ

ጎማ ጎን ላይ የተጻፉት የመጨረሻዎቹ 4 አሃዞች የተሠራበትን ሳምንትና ዓመት ይናገራሉ፤ 3521 ማለት በፈረንጆች አቆጣጠር የ2021 35ኛ ሳምንት ነው። ከ6 ዓመት በላይ የሆነውን በጥርጣሬ ይዩት፤ 10 ዓመት የሞላውን ጥርሱ ቢኖርም ይጣሉት። ትርፍ ጎማው ብዙ ጊዜ ከሁሉ ያረጀው ነው።

ልኩ በየከተማው የሚገኝ ይሁን። የሃርድቶፑ 7.50 በ16 አይሱዙ ላይም ስለሚገጠም ጎማውም ካላማዳሪውም በየወረዳው ጎሚስታ ቤት አለ፤ ቸርኬው ግን አይገጥምም። የሚያማምሩት ትላልቅ ቸርኬና ቀጫጭን ጎማ በአንድ የኮረኮንች ጉድጓድ ያልቃሉ።

ጭነት

ሰው በቀን ለመጠጥና ለምግብ ቢያንስ 4 ሊትር ውኃ ይፈልጋል፤ ቆላ ከሆነ 6። አምስት ሰው ለሦስት ቀን 60 ሊትር፣ ማለትም 60 ኪሎ ነው። አምስቱ ሰው ራሳቸው 300 ኪሎ ገደማ ይሆናሉ። ትንሽ መኪና ከዚህ በኋላ የምትችለው ብዙ አይደለም፤ ፍራሹና ሣጥኑ ይቅር። ፖርቶመጋላ (የመኪናው ጣሪያ ላይ ያለው የዕቃ መጫኛ) ላይ ለትንሽ መኪና ከ50 ኪሎ በላይ አይጫን፤ ለዚያም ቀላል ግን ቦታ የሚይዝ ዕቃ ይሁን። ውኃና ነዳጅ ላይ ከተሰቀለ መኪናው ጠመዝማዛ ላይ ለመገልበጥ ይዘጋጃል።

ጎርፍና ዋልካ

የሚሄድ ውኃ 30 ሴንቲ ሜትር ሲሆን ትንሽ መኪናን ማንሳፈፍ ይጀምራል፤ 60 ሴንቲ ሜትር ሲደርስ አብዛኛውን መኪና ይወስዳል፣ ትልቁንም ጨምሮ። በዱላ ያልለኩትን ወንዝ አይሻገሩ፤ የቆላ ደራሽ ጎርፍ ከሆነ ደግሞ ይጠብቁ፣ በሰዓታት ውስጥ ይጎድላል። ውኃ ውስጥ ሞተሩ ከጠፋ መልሰው አያስነሡት። በአየር መሳቢያው ገብቶ ከሆነ ፒስተኑ ውኃ መጭመቅ ስለማይችል ቢዬላው (ፒስተኑን የሚገፋው ዘንግ) ይታጠፋል። ይጎተት፤ ካንዴላው ወይም ኖዝሉ ተፈቶ ውኃው ይውጣ።

ዋልካ ከአሸዋ የከፋ ነው፤ ጎማውን አልብሶ ጥርሱን ይደፍነዋል። ጎማው በባዶ መሽከርከር እንደጀመረ እግርዎን ያንሡ፤ እያንዳንዱ ተጨማሪ ዙር ጉድጓድ ነው። ከአራቱም ጎማ ፊት ያለውን ጭቃ በአካፋ ይጥረጉ፤ ድንጋይ፣ ቅርንጫፍ ወይም ሳንቃ ያስገቡ። የፊት ጎማ መቆለፊያው በእጅ የሚዞር ከሆነ ወርደው ይቆልፉ፤ ሰው የሚረሳው ይህን ነው። የጎማውን አየር ከ35 ወደ 22 ፒኤስአይ ያውርዱ። ካላማዳሪ ያለው ጎማ ከ20 በታች ከወረደ በቸርኬው ላይ ይንሸራተትና ቫልቩ ከሥሩ ይቀደዳል። ከዚያ በከባዱ ማርሽ ሁለተኛ፣ መሪው ቀጥ ብሎ፣ ነዳጅ ሳይበዛ ይውጡ። አስፋልት ሲገኝ አየሩ መመለስ አለበት፤ ያለዚያ ጎማው ሞቆ ይፈነዳል።

መኪና ውስጥ የሚቀመጠው

• ክሪክ፣ ከሥሩ የሚገባ 30 በ30 ሴንቲ ሜትር ወፍራም እንጨት፣ የጎማ መፍቻ
• 2 የናፍጣ ፊልትሮ፣ 1 የዘይት ፊልትሮ፣ 5 ሊትር የሞተር ዘይት
• የዲናሞ ቺንጋ፣ የራዲያተር የላይና የታች ጎማ ቱቦ ከነማሰሪያቸው
• 2 ካላማዳሪ ወይም የቲዩብለስ መድፈኛ፣ በባትሪ የሚሠራ የአየር መሙያ
• ባትሪ ለባትሪ ማገናኛ ገመድ፣ ፊውዝ፣ አምፖል፣ 5 ሜትር ሽቦ
• 8 ሜትር መጎተቻ ገመድ፣ አካፋ፣ 2 ሳንቃ
• 10 ሊትር የራዲያተር ውኃ፣ ከመጠጡ የተለየ
• 1 ደረቅ የልብስ ሳሙና

ሳሙናው ለመታጠብ አይደለም። ድንጋይ መትቶት የሚያንጠባጥብ ሰልባትዮ ላይ አጥብቀው ቢያሹት ነዳጅ ስለማያሟሟው እስከ ጋራዥ ያደርሳል።

ሳይነዳ የሚቆም መኪና ለክፉ ቀን አይደርስም። በወር አንዴ 30 ኪሎ ሜትር ይነዳ፤ ከዚያ ላይ ጥቂቱ ፎር ዊል ገብቶ ኮረኮንች ላይ ይሁን፣ የፊት ዲፈረንሻሉ እንዲቀባ። ባትሪው ሞተሩ ሳይነሣ ሲለካ 12.6 ቮልት ያሳይ፤ 12.2 ከወረደ ይሞላ። በዓመት አንድ ቅዳሜ ደግሞ ቤተሰቡ፣ ውኃውና ዕቃው ሁሉ ተጭኖ 100 ኪሎ ሜትር ይኬድ። በዚያ ጭነት የበላውን ሊትር ወደ መጀመሪያው ሒሳብ አስገብተው ርቀቱን እንደገና ያስሉ።